ፓስ ቅናሽ ነው? ስለ ባቡር ጉዞ ለሚጠይቁን ወጣቶች



ባለፈው ሳምንት ከዒሻ ሶላት በኋላ እዚህ እንጅባራ መስጂዱ በር ላይ ቆመን ሳለ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየን። ቀይ ባቡር በበረዶ ተራራ መሃል እየተጠማዘዘ በድንጋይ ድልድይ ላይ ያልፍና ዋሻ ውስጥ ይገባል። «ኡስታዝ፣ ጀርመን ያለው ወንድሜ በዚህ ባቡር ሊሄድ ነው። ፓስ ግዛ ብለውታል። ፓስ ማለት ቅናሽ ነው አይደል?» አለን። በዙሪያው የነበሩት ወጣቶች በአንድ ድምፅ «አዎ፣ ቅናሽ ነው» አሉ። እኛ ግን ቶሎ አልመለስንም። በዚሁ ቃል የተጎዳ የሰፈራችን ልጅ ስለምናውቅ ነው።

የዚያን ልጅ ነገር እንንገራችሁ፤ ስሙን ግን አንጠራም። የዳንግላ ልጅ ነው፤ ለትምህርት አውሮፓ ሄዶ እዚያው ሥራ ይዟል። ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ለሦስት ቀን ስዊዘርላንድን ሊጎበኙ ተስማሙና ቋንቋ የሚሻለው እርሱ ስለሆነ ገንዘቡን ሰብስበው ሰጡት። እርሱም «ያልተገደበ ጉዞ» የሚለውን ትልቅ ጽሑፍ አየ፤ ከሥሩ ያለውን ጥቃቅኑን ሳያነብ ለአራት ሰው ፓስ ገዛ።

በመጀመሪያው ቀን ወደ ዝነኛው የጉብኝት ባቡር ሲቀርቡ «የወንበር ማስያዣችሁስ የታለ?» ተባሉ። የላቸውም። ባቡሩ ጥሏቸው ሄደ። በሁለተኛው ቀን ዝናቡ ሲወርድ ዋለና ካረፉበት ቤት ሳይወጡ መሸ፤ ፓሱ ግን ቀኑን ቆጥሮ በላው። በሦስተኛው ቀን ተራራ ላይ ወደሚወጣው ባቡር ሄዱ፤ እዚያ ደግሞ ፓሱ ዋጋ ይቀንሳል እንጂ በነጻ አያስገባም ተባሉ። ሲመለሱ አንደኛው ጓደኛ በየጊዜው ተራ ትኬት ቢገዙ ኖሮ ስንት ያወጡ እንደነበር ደመረው። ከፓሱ አነሰ። ልጁ ልዩነቱን ከኪሱ አውጥቶ ለሦስቱም መለሰ። ማንም አልጠየቀውም፤ «የአማና ገንዘብ ነው፣ ሳላነብ አወጣሁት» ብሎ ነው። ደውሎ ሲነግረን ድምፁ የገንዘብ ቁጭት ያለበት ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ያፈረ ሰው ድምፅ ነበር።

በእኛ አስተያየት ልጁን ያሳሳተው «ቅናሽ» የሚለው ቃል ነው። በገበያችን ቅናሽ ማለት ያው ዕቃ ዋጋው ሲወርድ ነው። ነጋዴው አምስት መቶ ይላል፣ አንተ ሦስት መቶ ትላለህ፣ አራት መቶ ላይ ትገናኛላችሁ። ፓስ እንዲህ አይደለም። ፓስ የሚመስለው ወንደላጤዎች ምግብ ቤት የሚይዙትን የወር ኮንትራት ነው። የወሩን ቀድመህ ትከፍላለህ፤ በየቀኑ ከበላህ ተጠቀምህ፤ ግማሹን ወር እናትህ ቤት ከበላህ ግን ምግብ ቤቱ ተጠቀመ። ምግብ ቤቱ አላታለለህም፤ አንተ ነህ ያልቆጠርኸው።

እስቲ በቁጥር እንየው። ስዊዘርላንድ ለጎብኚ ከምትሸጣቸው ውስጥ ሁለቱ የታወቁ ናቸው። ስዊስ ትራቭል ፓስ ከስዊዘርላንድና ከሊክተንስታይን ውጭ ለሚኖር ሰው ነው፤ ለ3፣ ለ4፣ ለ6፣ ለ8 ወይም ለ15 ተከታታይ ቀን ይሸጣል፤ ባቡሩን፣ አውቶቡሱንና የሐይቁን መርከብ ይይዛል። እ.ኤ.አ. በ2024 የ3 ቀኑ ሁለተኛ ማዕረግ 244 ፍራንክ ነበር። ሁለተኛው ስዊስ ሃፍ ፌር ካርድ የሚባለው ነው። በዚያው ዓመት 120 ፍራንክ ነበር፤ ለአንድ ወር ያገለግላል፤ በነጻ አያስኬድም፣ ትኬት በገዛህ ቁጥር ግን ግማሹን ብቻ ያስከፍልሃል።

አሁን ደብተር አውጡ። 120 ከፍለህ ግማሽ ዋጋ የምትሄድ ከሆነ ካርዱ ወጪውን የሚመልሰው የመንገድህ ሙሉ ዋጋ 240 ፍራንክ ሲደርስ ነው። መንገድህ በጠቅላላ 180 ፍራንክ ከሆነ በካርዱ 120 እና 90፣ ማለትም 210 ታወጣለህ፤ ያለ ካርድ 180 ይበቃህ ነበር። በቅናሽ ካርድ 30 ፍራንክ ከሰርህ ማለት ነው። በተቃራኒው በሦስት ቀን ውስጥ የ400 ፍራንክ መንገድ የምትሄድ ከሆነ በካርዱ 320 ይሆንብሃል፣ በፓሱ 244። ያኔ ፓሱ በእርግጥ ቅናሽ ነው። ዋጋው በየዓመቱ ሊቀየር ይችላል፤ ስሌቱ ግን ያው ነው። ይህን ለመሥራት የአምስተኛ ክፍል ሒሳብ ይበቃል። ገበያ ላይ ለአሥር ብር ግማሽ ቀን የምንከራከር ሰዎች የውጭ ድረ ገጽ ስናይ ለምን አንገታችንን እንደምንደፋ ለእኛ አይገባንም።

የወንበሩ ነገር ብዙ ሰው ይጥላል። ግሌሲየር ኤክስፕረስ የሚሉት ባቡር ከዘርማት እስከ ሴንት ሞሪትስ 8 ሰዓት ያህል ይጓዛል፤ 291 ድልድይና 91 ዋሻ ያልፋል። ቤርኒና ኤክስፕረስ ደግሞ ከኩር ተነሥቶ ጣልያን ውስጥ ቲራኖ ይደርሳል፤ በቪዲዮ የምታዩት ቀዩ ባቡር ብዙ ጊዜ ይኸኛው ነው። ፓስ የያዘ ሰው በሁለቱም የመንገዱን ዋጋ አይከፍልም፤ የወንበር ማስያዣውን ግን ለብቻው፣ አስቀድሞ ይከፍላል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ በዚያው ሐዲድ ላይ ተራው የአካባቢው ሰው ባቡርም ይሄዳል። እርሱ ወንበር ማስያዝ አያስፈልገውም። መስኮቱ እንደ ጉብኝቱ ባቡር እስከ ጣሪያ አይደርስም፤ ተራራውና ድልድዩ ግን ያው ናቸው። የሰፈራችን ልጅ ይህን ቢያውቅ ኖሮ የመጀመሪያ ቀኑ ባልባከነ ነበር።

(በነገራችን ላይ የቤርኒና ባቡር ከፍታው ቢበዛ 2,253 ሜትር ነው። እንጅባራ ከ2,500 ሜትር በላይ ናት። ሰው ከፍሎ የሚወጣበትን ከፍታ እኛ ጠዋት ጠዋት ጋቢ ለብሰን በነጻ እንበርድበታለን።)

በአውሮፓ ሰፋ አድርጎ ለሚጓዝ ኢንተርሬልና ዩሬል አሉ። ሁለቱም 33 አገሮችን ይይዛሉ። ልዩነታቸው የፓስፖርት አይደለም፣ የመኖሪያ ነው። ኢትዮጵያዊ ሆኖ ጀርመን የሚኖር ሰው ኢንተርሬል ይገዛል፤ ከዚህ ወይም ከሳዑዲ የሚሄድ ዩሬል ይገዛል። ዕድሜው እስከ 27 የሆነ ወጣት ዋጋው ይቀንስለታል። ጥሩ ጎኑ ተከታታይ ያልሆነ ቀን መምረጥ ይቻላል፤ ለምሳሌ በአንድ ወር ውስጥ የፈለግኸውን 4 ቀን። ዝናብ ከዘነበ ቀንህን ለነገ ታቆያለህ። መጥፎ ጎኑ በፈረንሳይ፣ በጣልያንና በስፔን ፈጣን ባቡሮች ላይ የወንበር ክፍያው ይከተልሃል።

የሰው ምክርም ያረጃል። የጃፓኑን የባቡር ፓስ ውሰዱ። የ7 ቀኑ 29,650 የን ነበር፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ በፈጣኑ ባቡር ደርሶ መልስ 28,000 የን ገደማ ስለሆነ አንድ ደርሶ መልስ ብቻ የፓሱን ዋጋ ሊሸፍን ትንሽ ይቀረው ነበር። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 ፓሱ 50,000 የን ገባ። ከዚያ በፊት የተሠሩት «ሳታስቡ ግዙ» የሚሉ ቪዲዮዎች ግን ዛሬም ይታያሉ።

ጀርመን ላሉት ወንድሞችና እህቶች አንድ ጠንከር ያለ ቃል አለን። ዶይችላንድቲኬት የሚባለው የወር ትኬት እ.ኤ.አ. በሜይ 2023 በ49 ዩሮ ተጀመረ፤ በጃንዋሪ 2025 58 ዩሮ ሆነ፤ ከዚያም ወዲህ መጨመሩ አልቀረም። በአገሪቱ ሁሉ በከተማና በክልል ባቡሮች ያስኬዳል፤ አይ ሲ ኢ በሚባሉት ፈጣን ባቡሮች ግን አይሠራም። በየወሩ ራሱን ያድሳል፤ የማይፈልገው ሰው እስከ ወሩ 10ኛ ቀን ካልሰረዘ የሚቀጥለውንም ይከፍላል። ትኬቱ በስም ነው። «ለአንድ ቀን ትኬትህን አውሰኝ» የሚባለው ነገር እንደ ወንድማማችነት ሲወራ እንሰማለን። ወንድማማችነት አይደለም። የገዛኸው ውል በአንተ ስም የተጻፈ ነው፤ የሌላ ሰው ማስኬጃ አልሸጡልህም። ሲያዝ 60 ዩሮ ቅጣት አለ፤ ጉዳዩ ወደ ወንጀል ክስም ሊሄድ ይችላል። የመኖሪያ ወረቀቱን እየጠበቀ ላለ ልጅ ደግሞ ክስ ማለት ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ከዚህም የሚብስ አለ። ፓስ ቪዛ አይደለም። የጥገኝነት ጥያቄው ገና በሂደት ላይ ያለ ሰው በያዘው ጊዜያዊ ወረቀት ከጀርመን ወጥቶ ስዊዘርላንድ መግባት አይችልም፤ የገዛው ትኬት ምንም ያህል ሕጋዊ ቢሆን። ባቡሩ ውስጥ ፖሊስ ወረቀት ሊጠይቅ ይችላል። ለአንድ ፎቶ ተብሎ የዓመታት ጥበቃ አደጋ ላይ አይጣልም።

«ኡስታዝ፣ ይህ ለእኛ ምናችን ነው? አዊ ውስጥ ከወፍጮ ባቡር ሌላ ባቡር የት አለ?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ሐዲድ የለንም። ከአገራችን ተነሥቶ ድንበር የሚሻገረው ባቡር ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚሄደው 752 ኪሎ ሜትር መስመር ነው። መተሐራ ላይ በበሰቃ ሐይቅ መሃል ያልፋል፣ አዋሽን ይሻገራል፣ ድሬዳዋን ያያል። አጋጣሚውን ያገኘ ሰው ቢሄድበት ደስ ይለናል። ነገር ግን ይህን የጻፍነው ስለ ሐዲድ አይደለም። ከዚህ ከተማ ስንት ልጅ ውጭ እንዳለ ቁጠሩ። በስዊዘርላንድ የሚባክነው ፍራንክ የአባት ቤት ቆርቆሮ ከሚቀየርበት፣ የእህት የትምህርት ክፍያ ከሚላክበት ኪስ ነው የሚወጣው። መዝናናት ሐላል ነው፤ የአላህን ፍጥረት ማየት የሚወደድ ነው፤ ሂዱ፣ እዩ። ግን ቆጥራችሁ ሂዱ፤ የሰው ገንዘብ የያዘ ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቁጠር።

ለተማሪው በዚያ ምሽት ያልነው ይህንኑ ነው። ወንድምህ የሚሄድበትን መንገድ ሁሉ በወረቀት ይጻፍ፣ የእያንዳንዱን ተራ ዋጋ ከጎኑ ያስቀምጥ፣ ይደምር፣ ከዚያ ፓሱን ይይ አልነው። ከጁሙዓ በኋላ መጥቶ የወንድሙን ወረቀት በስልኩ አሳየን። የጀርመኑ የወር ትኬት ባዝል ውስጥ እስካለው የጀርመን ባቡር ጣቢያ ድረስ ስለሚሠራ እስከዚያ ሌላ አይከፍልም፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የሁለት ቀን መንገድ ተደምሮ ከ240 ፍራንክ በታች ነው። ፓሱን ትቶታል። ስዊዞች ቀደም ብሎ ለሚገዛ ሰው የሚሸጡትን ርካሽ የቀን ትኬት እያየ ነው፤ እርሱ ደግሞ ከተገዛ አይመለስም፤ ስለዚህ እረፍት ይሰጡት እንደሆነ አለቃውን ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው።