መጀመሪያ እናቱን መግቡ

እናቱ በሕይወት ያለችን ልጅ «ወላጅ አልባ» ብሎ መመዝገብ ውሸት ነው። መስቀል የታተመበት ደብዳቤ ላይ ቢጻፍም፣ ከሥሩ «በክርስቶስ ፍቅር» ተብሎ ቢፈረምበትም ውሸት ነው። ተናድጄ ነው የምጽፈው፤ ንዴቴንም አልደብቅም።

ያደግሁት ካዛንቺስ ነው፣ ከዑራኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙም በማይርቅ የቀበሌ ቤት። ኤች አይ ቪ ሰፈራችንን በጨረሰበት ዘመን የአንዱ ለቅሶ ድንኳን ሳይነሣ የሌላው ይተከል ነበር። እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ ንፍሮ እየተበላ፣ ልጆቹ የት እንደሚያድሩ ይመከራል። ምክሩ ረዥም አልነበረም። ትልቋን አክስቷ ትወስዳለች፣ ትንሹ አያቱ ዘንድ ይቀራል፣ ዕድሩ እህል ይገዛል፣ አንዷ ጎረቤት ደብተርና ዩኒፎርም ትችላለች። ጉድለት አልነበረውም አልልም። አክስቷ ቤት እንደ ሠራተኛ ያደገች ልጅ አውቃለሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጠም አውቃለሁ። ቢሆንም ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ ያውቅ ነበር፤ አባቱ የተቀበረበትን ያውቅ ነበር፤ ሲያጠፋ የሚቆጣው፣ ሲታመም አብሮት የሚያድር ሰው ነበረው።

ከዚያ ድርጅቶች መጡ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እማማ ጠላ እየጠመቁ ሁለት የልጅ ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበር። የልጆቹ አባት ሞቷል፤ እናታቸው ግን ዐረብ አገር ሰው ቤት እየሠራች ሲመቻት ትልክላቸዋለች። የአንዱ መንፈሳዊ ድርጅት ሰዎች ቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ቡና ተፈልቶላቸው፣ «ልጆቹን ይስጡን፤ ይማራሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይበላሉ፣ እርስዎም ያርፋሉ» አሏቸው። እማማም «ለነሱ የምታወጡትን ግማሹን ለኔ ስጡኝና እዚሁ ላሳድጋቸው» ሲሉ መለሱ።

«አሠራራችን አይፈቅድም» ተባሉ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ መልስ ነው። ለምን አይፈቅድም? ምክንያቱን ለማወቅ መርማሪ መሆን አያስፈልግም። ከባሕር ማዶ ያለው ለጋሽ ገንዘቡን የሚልከው በልጅ ራስ ነው፣ በአልጋ ቁጥር ነው። ግቢ ውስጥ የተሰለፈ ሕፃን ፎቶ ይነሣል፤ ጎብኚ ሲመጣ መዝሙር ይዘምራል፤ ሕንፃው ላይ የለጋሹ ስም ይለጠፋል። አያቱ ቤት ምድጃ አጠገብ የሚያጠና ልጅ ግን ለሪፖርት አይመችም። ልጁ ከግቢው ወጥቶ ወደ ቤቱ ከተመለሰ ገንዘቡም አብሮት ይወጣል። ስለዚህ ማሳደጊያው ሳያስበው ልጆች እንዳይቀነሱበት የሚጸልይ ተቋም ይሆናል። ደግ ሰዎች በዚህ አሠራር ውስጥ ገብተው ደግነታቸው ሳይጎድል የሰው ቤት ያፈርሳሉ።

ይህ አሠራር መጨረሻ ላይ የት እንዳደረሰን አይተናል። በ2002 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ዓመት ብቻ ከ2,500 በላይ ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄዱ፤ ከእኛ የበለጠች ቻይና ብቻ ነበረች። ኤጀንሲዎቹ ለአንድ ልጅ ከ20,000 ዶላር በላይ ያስከፍሉ ነበር፤ አንዳንዶቹም በወንጌል ስም የሚነግዱ ነበሩ። ከገጠር የመጡ እናቶች «ተምሮ ይመለሳል» ተብለው ፈረሙ። ልጃቸውን ለዘለዓለም እየሰጡ መሆኑን የነገራቸው የለም። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በቀን የሚያስተናግደውን የጉዲፈቻ ጉዳይ ከ50 ገደማ ወደ 5 አወረደ። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ ፍርድ ቤት የአንድ ኤጀንሲ ኃላፊዎች ልጆቹን የመስጠት መብት በሌላቸው ማሳደጊያዎች የተፈረሙ የሐሰት ውሎች አቅርበው የአሜሪካን መንግሥት እንዳጭበረበሩ አመኑ። በጉዲፈቻ ከሄዱት ልጆቻችን አንዷ፣ ሃና፣ ሃይማኖተኛ ነን በሚሉ አሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ በብርድና በረሃብ ተጎሳቁላ ሞተች፤ ባልና ሚስቱ ተፈርዶባቸው ታሥረዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ ዘጋ።

የተዘጋው ግን የአውሮፕላኑ በር ነው። እናትየዋን ልጇን ይዛ ወደ ማሳደጊያ በር የወሰዳት ኪራይ፣ ዱቄትና የሆስፒታል ወጪ እዚያው አሉ። ማሳደጊያ የመጨረሻ አማራጭ መሆን እንዳለበት የሚደነግገው የአማራጭ ሕፃናት እንክብካቤ መመሪያ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። ልጅ ከወላጆቹ እንዳይነጠል የሚጠብቀው የአፍሪካ ሕፃናት ቻርተርም በ1982 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ነው። ወረቀት አልቸገረንም። ሳይንሱም ቢሆን ከተናገረ ቆይቷል፤ ቡካሬስት ውስጥ በተቋም የሚያድጉ 136 ሕፃናትን ለዓመታት የተከታተሉ ተመራማሪዎች፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ወደ ቤተሰብ የተዛወሩት በአእምሮም በስሜትም ከቀሩት የተሻለ እንዳደጉ አሳይተዋል።

ማሳደጊያ ሁሉ ይፍረስ እያልኩ አይደለም። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ ወሎ ውስጥ በረሃብ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ያችን ልጅ ይዘው መጡ፤ ሌሎችም ተጨመሩ፤ በልጆቹ ምክንያት ባላቸው ሲቆጧቸው ትዳራቸውን ትተው ልጆቹን መረጡ። እኒህ ሴት ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስኪያርፉ ድረስ የሠሩትን የሚነካ ቃል ከእኔ አይወጣም። በ1916 ዓ.ም. መጨረሻ አልጋ ወራሽ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ልጆችም እንዲሁ ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ተጨፍጭፈው አልቀዋል፤ ይህች አገር ቤትም ሥራም፣ የሙዚቃ መሣሪያም ሰጠቻቸው። እዚያ እናት አልነበረችም። ካዛንቺስ ውስጥ ግን እናት ነበረች፤ አያትም ነበረች፤ የጎደላቸው ገንዘብ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኖቻችን ይህን ሊያስተምሩን በተገባ ነበር። ኦርቶዶክሱም፣ ካቶሊኩም፣ ወንጌላውያኑም ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሕ አምልኮ ምን እንደሆነ ሲናገር ልጁንና ባልቴቷን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዳስቀመጣቸው ያነብባሉ። በመከራቸው ጠይቋቸው ነው ያለው፤ ልጁን ወስዳችሁ ባልቴቷን ተዉአት አላለም። ካዛንቺስ ያለበት ክፍለ ከተማ እንኳ የተጠራው በሦስት ዓመቱ ሰማዕት በሕፃኑ ቂርቆስ ነው። ሐምሌ 19 በየዓመቱ የምናነግሠው ገብርኤል ቂርቆስን ከፈላው ጋን ሲያድነው እናቱን ኢየሉጣን እዚያው ትቷት አልሄደም። ሥዕሉን በየመቅደሱ ሰቅለን፣ ከሥዕሉ ሥር ቆመን፣ ልጅ ከእናቱ ለሚነጥል ድርጅት ሙዳየ ምጽዋት እናዞራለን።

አሁን ደግሞ ያ ሰፈር የለም። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ፈረሰ፤ ነዋሪው ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሩቅ ሰፈሮች ተበተነ። ስለ አዲሱ መንገድ ውበት ሌላው ይጻፍ። እኔ የምጠይቀው ስለ ዕድሩ ነው። እህሉን ይገዛ የነበረው ዕድር አባላቱ በከተማው ዳር ዳር ተበትነው ማንን ይቀብራል፣ የማንን ልጅ ያበላል? በጠላና በጉልት ልጅ ያሳደገች ሴት ደንበኞቿን ሁሉ አጥታ ከማታውቀው ኮንዶሚኒየም ሆና በምን ታሳድግ? ስሟ በቀበሌው ውል ላይ ያልነበረ ደባል የሆነች አያትስ የልጅ ልጆቿን ይዛ ወዴት ሄደች? ሰፈር ሲበተን ልጆች ለማሳደጊያ በር ይቀርባሉ፤ ይህ በዓይናችን ፊት እየሆነ ነው።

ስለዚህ ለሰበካ ጉባኤዎች፣ ለሽማግሌዎች ቦርድ፣ ከዋሽንግተንና ከቶሮንቶ በየወሩ ለምትልኩ ወገኖቼ የምለው አለኝ። ገላን ጉራ ውረዱ። የተበተኑትን ዕድሮች ፈልጋችሁ ደብተራቸውን አሳዩን በሉ፤ ከእናንተ በፊት የትኛው ቤት ስንት ልጅ እንዳለ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለአያቲቱ ምጣድ ግዙላት፣ የታመመች እናት መድኃኒቷን ቻሉላት፣ ኪራዩን ክፈሉ፤ ልጁ ማታ እቤቱ ይደር። በሚቀጥለው የበጀት ስብሰባም ሒሳቡን ለምእመናን አንብቡ፦ ከሰበሰባችሁት ውስጥ ለአልጋ፣ ለዘበኛና ለመኪና የወጣው ስንት ነው? አንዲት እናት ልጇን ከቤቷ እንዳታስወጣ የዋለውስ? ሁለተኛው ባዶ የሆነበት ድርጅት በእኔ በር ሲያልፍ አያንኳኳ።