ዕድራችን የግፊት መለኪያ ይግዛ

የዕድር ሰብሳቢዎች፣ ጸሐፊዎች፣ ገንዘብ ያዦች፣ በየወሩ መዋጮ የምትከፍሉ እናቶችና አባቶች ሁሉ! ድንኳን አለን፤ ድስቱም አግዳሚውም ሞልቷል። ጥሩምባ ሲነፋ ሌሊትም ቢሆን ተነስተን እንደርሳለን። አሁን ደግሞ በሕይወት ላለው አባል አንድ ዕቃ እንግዛ፤ የደም ግፊት መለኪያ።

«ትናንት እኮ ደህና ነበሩ፤ ራሳቸውን እንኳ አላመማቸውም» ሲባል ለቅሶ ቤት ያልሰማ የለም። ላያማቸው ይችላል። ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ የደም ሥርን፣ ልብንና ኩላሊትን ለዓመታት ሲጎዳ ከርሞ አንድ ቀን በስትሮክ ይገለጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው በዓለም ላይ ከ30 እስከ 79 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ግፊት ነበረባቸው፤ ከመቶው 46ቱ ግን አያውቁትም ነበር። «ሰውነቴን አውቀዋለሁ» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። መለካት ብቻ!

120 በ80 ሲባል ላይኛው ቁጥር ልብ ደም ስትረጭ፣ ታችኛው በሁለት ምት መካከል ስታርፍ ያለው ግፊት ነው። ጤና ጣቢያ በተደጋጋሚ ተለክቶ 140 በ90ና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው። ቤት ውስጥ ግን ወሰኑ 135 በ85 ነው፤ ነጭ ጋዋን ሲያይ ግፊቱ የሚጨምር ሰው ብዙ ነዋ። በተቃራኒው ሐኪም ፊት ደህና ሆኖ ቤቱ ከፍ የሚልበትም አለ፤ እሱን የሚያጋልጠው የቤት ልኬት ነው።

የምንገዛው በክንድ ላይ የሚታሰረውን ይሁን፤ የእጅ አንጓው ያን ያህል አያስተማምንም። ለወፍራም ክንድ የሚሆን ሰፊ ማሰሪያም ይኑረው፤ የጠበበ ማሰሪያ ቁጥሩን ያለአግባብ ከፍ ያደርጋል።

አለካኩን አብረን እንማር። ከልኬቱ በፊት ለግማሽ ሰዓት ቡናም ሲጋራም የለም፤ ስለዚህ ስብሰባ ላይ ልኬቱ ከቡናው ይቅደም። ሽንት ቤት ደርሶ መምጣት፣ ጀርባን አስደግፎ፣ እግርን ሳያጣምሩ መሬት አስረግጦ 5 ደቂቃ ማረፍ። ክንድ ጠረጴዛ ላይ፣ በልብ ትክክል፤ ማሰሪያው ከልብስ በላይ ሳይሆን በባዶ ክንድ ላይ። ሲለኩም ዝም ማለት (ለዕድርተኛ ከባዱ ይህ ሳይሆን አይቀርም)።

አንድ ቀን ከፍ ብሎ መታየት ብቻውን በሽታ አያሰኝም። ከፍ ያለበት አባል መሣሪያውን ለ7 ቀን በተራ ይውሰድ። ጠዋት መድኃኒት ከመዋጡ በፊት፣ ማታም እንዲሁ፣ በየጊዜው አንድ ደቂቃ እያሳረፈ ሁለቴ ይለካ፤ የመጀመሪያውን ቀን ትቶ የቀሩትን አማካይ ያውጣ፤ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ቁጥሩ ወረደ ብሎ በራሱ ፈቃድ መድኃኒት የሚያቆም ካለ ግን ጎረቤት ይቆጣው! ቁጥሩ የወረደው መድኃኒቱ ስለሠራ ሊሆን ይችላል።

180 በ120ና ከዚያ በላይ ሆኖ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት መጣመም፣ የአንደበት መተሳሰር ወይም የአንድ ጎን መዛል ካለ ተራም ደብተርም የለም፤ ያለው መኪና ሁሉ ተነስቶ ሆስፒታል ያድርስ። ምልክቱ ከታየ ቁጥሩ ባይደርስም እንኳ አይጠበቅ።

የአንድ ሰው ቁጥር በስብሰባ አይነበብ፤ የባለቤቱ ምስጢር ነው። አለዚያ የሚፈራው ሰው ክንዱን አይዘረጋም፤ እኛ የምንፈልገው ደግሞ በተለይ እሱን ነው።

እንግዲህ እንነሳ! ገንዘብ ያዡ እስከሚቀጥለው ስብሰባ ዋጋ ጠይቆ ይምጣ። ጸሐፊው የተራ መዝገብ ይክፈት። ወጣቶች ከቤት መውጣት ላቃታቸው አዛውንት መሣሪያውን ይዘው ይሂዱ፣ ይጻፉላቸውም። የጤና ባለሙያ የሆነ አባል አለካኩን በተግባር ያሳየን። ልኬቱም ከሰብሳቢው ክንድ ይጀመር።