ሙዳየ ምጽዋቱን ማን ቆጠረው?

ዛሬ በሹክሹክታ እንጂ በአደባባይ የማናነሣውን ጉዳይ ላንሣ። ነገሩ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ነው።

ባለፈው ዓመት እዚሁ አሜሪካ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የአባላት ስብሰባ ላይ ተገኝቼ ነበር። ለሕንፃ መግዣ ሦስት ዓመት ሙሉ ስናዋጣ ቆይተናል። በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ የሚሠሩ አንዲት እናት ከኋላ ተነሥተው፣ «ልጆቼ፣ እስካሁን ስንት ደረሰልን?» ሲሉ ጠየቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «እማማ፣ በእግዚአብሔር ቤት ጥርጣሬ አይገባም» አሉና ወደ ጸሎት ታለፈ። እናታችን አንገታቸውን ደፍተው ተቀመጡ። እኔም፣ እውነቱን ልናዘዝ፣ ዝም አልኩ።

ለመሆኑ ጥያቄው ምን ኃጢአት አለበት? በሐዋርያት መካከል እንኳ ከረጢት ያዡ ይሁዳ እንደነበረ ወንጌል ይነግረናል። ጳውሎስም ለኢየሩሳሌም ድሆች የተሰበሰበውን መዋጮ ብቻውን አልያዘም፤ ነቀፌታ እንዳይመጣ አብያተ ክርስቲያናት የመረጧቸው ሰዎች አብረው እንዲሄዱ አደረገ። ታዲያ ጳውሎስ ብቻውን ያልተሸከመውን የእኛ መሪዎች ለምን ብቻቸውን ይሸከሙታል?

የዚህን አገር ሰባኪዎች ታሪክም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ1950 ቢሊ ግራሃም አትላንታ ላይ ሰብኮ ሲጨርስ፣ አንድ ጋዜጣ የእሱን ፈገግታና የመባ ገንዘብ የታጨቀባቸውን ከረጢቶች ጎን ለጎን በፎቶግራፍ አወጣ። ግራሃም አልሰረቀም። ግን «እመኑኝ» ብሎ አላለፈም፤ ከ1952 ጀምሮ ከመባ መካፈሉን ትቶ ደመወዝተኛ ሆነ። በአንጻሩ የቴሌቪዥን ሰባኪው ጂም ቤከር የሆቴል ማረፊያ እየሰጠ ከምእመናን አንድ አንድ ሺሕ ዶላር ሰበሰበ፤ ሆቴሉ ግን ያን ያህል ሰው የሚያስተናግድ አልነበረም። በ1989 በ24 የማጭበርበርና የሤራ ክሶች ጥፋተኛ ተብሎ 45 ዓመት ተፈረደበት፤ በኋላ ቅጣቱ ተቀንሶለት በ1994 ተፈታ። ገንዘባቸውን የሰጡት ሰዎች ሞኞች አልነበሩም። አማኞች ነበሩ።

ሌላም ነገር አለ። በዚህ አገር አብዛኞቹ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች በየዓመቱ ለግብር መሥሪያ ቤቱ መግለጫ ያቀርባሉ፤ አብያተ ክርስቲያናት ግን ከዚህ ግዴታ ነፃ ናቸው። እንግዲህ እኛ ካልጠየቅን ማን ይጠይቅልን?

«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለውን ተረት አገር ቤት ትተነው የመጣን መስሎን ነበር። መድኃኒቱ ግን ከባድ አይደለም። መባውን ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች ይቁጠሩት። ቼክ በሁለት ፊርማ ይውጣ። ለሰጪው ደረሰኝ ይሰጠው። በዓመት አንድ ጊዜ ሒሳቡ በውጭ ሰው ተመርምሮ በአባላት ፊት ይነበብ። ይህ መሪውን መጠርጠር አይደለም። እንዲያውም ሐሜት ሲነሣ ንጹሑን አገልጋይ የሚያድነው የሒሳብ መዝገቡ ነው። ያለ መዝገብ ታማኙም ሌባውም አንድ ይመስላሉ።

የሚዋጣው ገንዘብ የታክሲ ነጂው ላብ፣ የእኚያ እናት የሌሊት እንቅልፍ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ ጥያቄያቸውን እኔ ቀድሜ አነሣዋለሁ። እናንተስ?

ቸር ይግጠመን።