ፖስታ ቤት የከፈለበት ፊልም

እ.ኤ.አ. በ1935 የእንግሊዝ ፖስታ ቤት አንድ አጭር ፊልም አሠራ። ርዕሱ «ኤ ከለር ቦክስ» ይባላል። የሠራው ሌን ላይ የተባለ የኒውዚላንድ ተወላጅ ሠዓሊ ነው። ሰውየው ካሜራ አልነካም፤ ቀለሙን በቀጥታ ፊልሙ ላይ ቀባው። መስመሩና ነጠብጣቡ በኩባ የዳንስ ሙዚቃ ሲዘልና ሲጠማዘዝ ይቆይና መጨረሻ ላይ ዕቃ በፖስታ መላኪያ ዋጋ መቀነሱን የሚናገር ጽሑፍ ብቅ ይላል። ነገሩ ማስታወቂያ ነው!

የሙከራ ፊልም አጥኚዎች ይህን ሥራ ሲያወሱ ስለ ቀለሙ ብዙ ይላሉ፤ የፖስታ ዋጋውን ግን እንደሚያሳፍር ዘመድ ወደ ጓዳ ይገፉታል። ጥበበኛው ለማንም የማይታዘዝ እንዲሆንላቸው ይፈልጋሉ። የመንግሥት ፊልም አጥኚዎች ደግሞ በተቃራኒው ፕሮፓጋንዳውን ነቅሰው ካወጡ በኋላ ፋይሉን ይዘጋሉ። ሁለቱም ግማሹን ነው የሚያዩት።

የፖስታ ቤቱን የፊልም ክፍል የመራው ጆን ግሪርሰን ፊልም ለዜጋ ትምህርት መዋል አለበት ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። ለ«ጥበብ ለጥበብ» ብዙም ግድ አልነበረውም። ሆኖም ለሌን ላይ በሩን የከፈተው እሱ ነው። ኋላም በ1939 የካናዳ ብሔራዊ የፊልም ቦርድ ሲቋቋም መሪ ሆነና ኖርማን ማክላረንን ወደዚያ ወሰደው።

ማክላረን በ1952 «ኔበርስ»ን ሠራ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንዲት አበባ ተጣልተው ይገዳደላሉ፤ ተዋናዮቹ እንደ አሻንጉሊት በአንድ በአንድ ፎቶ እየተነሡ ነው የሚንቀሳቀሱት። ጊዜው የኮርያ ጦርነት ነው። የካናዳ ወታደሮች እዚያ ነበሩ፤ የኢትዮጵያ ቃኘው ሻለቃም እንዲሁ። ወታደር ያዘመተ መንግሥት ጦርነት ከንቱ ነው ለሚል ፊልም ከፈለ፤ ፊልሙም ኦስካር አገኘ። ነገር ግን ጎረቤታሞቹ አንዱ የሌላውን ሚስትና ሕፃን የሚያጠቁበት ትዕይንት ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። የተመለሰው ከዓመታት በኋላ ነው።

ማን አስቆረጠው? በምን ምክንያት? ፊልሙን መቶ ጊዜ ማየት ይህን አይመልስም። መልሱ ያለው በደብዳቤ፣ በቃለ ጉባኤና በበጀት ወረቀት ውስጥ ነው። የመንግሥት ፊልም ጥናት ዋናው ልፋትም እዚያ ነው። መንግሥት ሁሉ እንደ ግሪርሰን ያለ አለቃ አይሾምም። በ1929 «ካሜራ የያዘው ሰው»ን በዩክሬን የመንግሥት ስቱዲዮ የሠራው ዚጋ ቬርቶቭ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በራሱ መንገድ የሚሠራበት ቦታ አጣ። የትኛው ቢሮ ፈቀደ፣ የትኛው ከለከለ የሚለው በወረቀት ካልተገኘ ሁሉም ግምት ነው።

ኢትዮጵያም በመንግሥት ገንዘብ ፊልም ሠርታለች። በደርግ ዘመን የኢትዮጵያ ፊልም ኮርፖሬሽን የሚባል ድርጅት ነበራት። የዚያን ዘመን ሥራ በጅምላ «ፕሮፓጋንዳ» ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ምናልባት አብዛኛው እንደዚያው ይሆናል። ግን ሳያዩ መፍረድ ነው። ካሜራ የያዘው ባለሙያ ከትእዛዙ ውጭ ምን እንዳስቀረ የሚታወቀው ሪሉ ከነፋይሉ ሲከፈት ነው። ሪል ደግሞ ዘላለም አይጠብቅም፤ የአሴቴት ፊልም በሙቀትና በእርጥበት እየተበላሸ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል፣ ይጨማደዳል፣ በመጨረሻም አይታይም።

ስለዚህ ከባህል ተቋማት የሚጠበቀው መጀመሪያ ውድ ማሽን መግዛት አይደለም። ለተማሪና ለተመራማሪ ክፍት የሆነ ዝርዝር ነው፦ የትኛው ሪል፣ በስንት ዓመት፣ በማን ትእዛዝ፣ በስንት ብር፣ አሁን በምን ሁኔታ ላይ።