የቆየ ዜማ በአዲስ ጊታር

ከአየርላንድ የሮክ ዘፈኖች የትኛውን ትመርጣለህ ብትሉኝ መልሴ «ዊስኪ ኢን ዘ ጃር» ነው። ወዳጁ ስለ ከዳችው ሽፍታ የሚተርክ የቆየ የሕዝብ ዘፈን ነው። ቲን ሊዚ የተባለው ባንድ እ.ኤ.አ. በ1972 በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫውቶ ሲያወጣው በአገሩ አንደኛ ሆነ። ድምፃዊው ፊል ላይኖት አባቱ ከጋያና የመጡ ጥቁር፣ እናቱ አየርላንዳዊት ናቸው፤ ደብሊን ውስጥ ያሳደጉት አያቱ ነበሩ። በ1986 ቢሞትም፣ በ2005 በከተማዋ መሀል ሐውልት ቆመለት።

ጊታር የጥንቱን ዜማ ያበላሻል የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም፤ ይህን ዘፈን ለአዲሱ ትውልድ ያደረሰው ጊታሩ ነው። እንግዲህ ልጆቻችሁ የአያቶቻቸውን ዜማ በአዲስ መሣሪያ ሲሞክሩ አትቆጧቸው። አጠገባቸው ቁጭ በሉና ግጥሙ ሲጠፋባቸው አስታውሷቸው።