መልክና ድምፅ የማን ገንዘብ ናቸው?

ሲኒማ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያውን ማሳያ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» ብሎ እንደ ጠራው የታወቀ ነው። ሰው በግድግዳ ላይ ሲራመድ ማየት ለዓይን እንግዳ ነገር ስለ ነበረ በዚህ ስም ልንስቅበት አይገባም። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን በሸራው ላይ የታየው ሰው፥ አንድ ቀን በፎቶግራፍ መኪናው ፊት በውነት የቆመ ሰው ነበረ፤ የታየው ጥላው ቢሆንም የጥላው ባለቤት አለ። ዛሬ የመጣው ጥበብ ግን ባለቤት የሌለውን ጥላ ያወጣል፤ ይባስ ብሎም ባለቤት ያለውን ጥላ ባለቤቱ ሳያውቅ ያንቀሳቅሰዋል። ስለዚህ ነገሩ ከሹማምንትም ከካህናትም ወገን በጥሞና ሊታሰብበት የሚገባ መስሎ ስለ ታየን ይህን ጽሑፍ ለአንባቢዎቻችን አቅርበናል።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የተባለው ይህ ጥበብ ሥዕል የሚያወጣበትን መንገድ አስቀድመን ባጭሩ እንናገር። መጀመሪያ እጅግ ብዙ ሥዕልና ፎቶግራፍ ከነመግለጫ ቃሉ ይሰበሰባል። በ2022 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ «በእኛ» ካላልን በቀር የዓመቱ ቍጥር በፈረንጆች ነው) ላዮን የተባለ የጀርመን ማኅበር ለጥናት ይሁን ብሎ ያወጣው አንዱ መዝገብ ብቻ ከ5 ቢሊዮን የሚበልጥ ሥዕል ከነቃሉ የሚያመለክት ነበረ። ከዚህ በኋላ በየሥዕሉ ላይ እንደ አሸዋ ያለ ነቍጥ እየተበተነ ሥዕሉ ይጠፋል፤ ኮምፒዩተሩም የጠፋውን መልሶ ማጥራት ይማራል። ይህን ከተማረ ዘንድ፥ ምንም ሥዕል የሌለበትን አሸዋ ብቻ ሰጥተው «በነጭ ፈረስ የተቀመጠ ጐበዝ» ቢሉት፥ አሸዋውን ጥቂት በጥቂት እያጠራ ያልነበረ ፈረስና ያልተወለደ ጐበዝ ያወጣል። በ2024 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ኦፕን ኤአይ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ፥ በቃል ብቻ ታዝዞ እስከ አንድ ደቂቃ የሚደርስ ተንቀሳቃሽ ሥዕል የሚያወጣውን «ሶራ» የተባለውን ሥራውን ለዓለም አሳየ።

በዚህ ጥበብ የሚገኘውን ጥቅም መካድ አይቻልም። የእኛው አገር ሰው ኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የተባለውን ሲኒማ ለመፈጸም ገንዘብ እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ዓመት ደክሞበታል፤ ሥራው በ2008 በቬኒስ ሽልማት ማግኘቱም የሚታወስ ነው። የዐድዋን ጦርነት በሲኒማ ላሳይ የሚል ሰው ፈረሱን፥ ድንኳኑን፥ ጭፍራውንና የጭፍራውን ልብስ ከየት ያምጣ? ሀብታሞቹ አገሮች በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሠሩትን፥ የእኛ ወጣት በአንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሊሞክረው የሚችልበት ዘመን ደርሷል። ይህን በር በፍርሃት መዝጋት ለማንም አይጠቅምም።

አዲስ ነገር በመሆኑ ብቻ ይነቀፍ የሚል ሰው ቢኖር ደግሞ የአባቶቻችንን ሠዓልያን ሥራ ይመልከት። በ16ኛውና በ17ኛው መቶ ዓመት የኢየሱሳውያን መነኮሳት ከሮም ያመጡት የእመቤታችን ሥዕል በሠዓልያኖቻችን እጅ ገብቶ፥ እጇን በእጇ ላይ ያሳረፈችበት መልክ እስከ ዛሬ በቤተ ክርስቲያኖቻችን ይታያል። በ1591 ገደማ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎችም ለጐንደር ዘመን ሠዓልያን አብነት ሆነዋል። ነገር ግን እነዚያ ሊቃውንት የተቀበሉትን እንደ መጣ አላኖሩትም፤ በራሳቸው ሥርዐት ለወጡት። ጻድቁን በሁለት ዓይን፥ ከሓዲውን ግን በጐኑ አዙረው በአንድ ዓይን የሣሉት ትርጕም ስላለው ነው። ቢሊዮን ሥዕል ያየው መኪና ይሁዳ ስለ ምን አንድ ዓይን እንደ ተሰጠው አያውቅም፤ በየአገሩ በብዛት የተገኘውን ያስመስላል እንጂ፥ በጥቂት ገዳማት የተሰወረውን ከቶ ከየት ያገኘዋል?

ከዚህም በላይ የሆነ ነገር አለ። በጣና በዳጋ እስጢፋኖስ የሚገኘውን ሥዕል በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን የሣለው ፍሬ ጽዮን ስሙን ጽፎበታል። ያሣለውም ባለጠጋ ብዙ ጊዜ በሥዕሉ ግርጌ ተደፍቶ ይሣላል፥ ስሙም ይጻፋል። በብራና መጻሕፍትም መጨረሻ የጸሓፊውና ያጻፈው ሰው ስም መገኘቱን ካህናት ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ይህ ልማድ የጸሎት ልመና ብቻ አይደለም። ሥራው ቢሳሳት የሚጠየቅ፥ ቢያምር የሚመሰገን ሰው መኖሩን የሚያሳይ ምስክር ነው። አዲሱ ጥበብ የጐደለው ይኸው ነው።

ጕድለቱ ምን እንደሚያመጣ ለማወቅ ወደ አሜሪካ መመልከት ይበቃል፤ ነገሩ አስቀድሞ የደረሰባቸው እነርሱ ናቸውና። በ2023 የሆሊውድ የሲኒማ ጸሓፊዎች ለ148 ቀን፥ ተዋንያኑም ለ118 ቀን ሥራ አቁመው ነበር። ከክርክራቸው አንዱ ይህ ጥበብ ነበረ። የተዋንያኑ ማኅበር እንዳለው፥ ኩባንያዎቹ አጃቢ ሆኖ የሚቆመውን ድኻ ተዋናይ የአንድ ቀን ደመወዝ ከፍለው መልኩን በመኪና ገልብጠው ለዘለዓለም ሊሠሩበት ፈልገዋል፤ ኩባንያዎቹ ግን ይህ አልተባለም ብለው ክደዋል። የሆነው ሆኖ በመጨረሻ በተፈረመው ውል የተዋናዩ መልክ በመኪና እንዲሠራ ፈቃዱና ክፍያው አስፈላጊ መሆኑ ተጻፈ። የጸሓፊዎቹም ውል መኪና እንደ ጸሓፊ እንዳይቈጠር ደነገገ። እኛን የሚያስገርመን የገንዘቡ ክርክር አይደለም፤ የገዛ ፊቱን ለማስከበር ሰው አደማ መባሉ ነው።

የሙታን ነገር ደግሞ ይበልጥ ከባድ ነው። በ1994 የሞተው እንግሊዛዊው ተዋናይ ፒተር ኩሺንግ በ2016 በወጣ ሲኒማ ላይ በኮምፒዩተር ተሠርቶ እንደ ሕያው ሲናገር ታየ። ለዚህ እንኳ የወራሾቹ ፈቃድ ተጠይቋል። በ2025 ግን የሶራ ተጠቃሚዎች የማርቲን ሉተር ኪንግን መልክና ድምፅ ለማፌዣ ስላደረጉት፥ ወራሾቹ አቤት ብለው ኩባንያው የርሳቸውን መልክ መሥራት አቆመ። ክፉው ሥራ የቆመው ከተሠራጨ በኋላ ነው፤ የቆመውም ታዋቂ ቤተ ሰብ ስለ ጮኸ ነው። የካሊፎርኒያ መንግሥት በ2024 ባወጣው ሕግ የሞተ ተዋናይን መልክ ያለ ወራሾቹ ፈቃድ መሥራትን ከልክሏል፤ የአውሮፓ ኅብረትም በዚያው ዓመት ባጸደቀው ሕግ በመኪና የተሠራ ሐሰተኛ መልክ መሆኑ እንዲገለጽ አዟል።

ይህ የባሕር ማዶ ነገር ነው የሚል ሰው እንዳይኖር፥ በ2023 የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ነጭ ዘመናዊ ካፖርት ለብሰው የሚያሳየውን ሐሰተኛ ሥዕል ያስታውስ። ዓለም በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ አየው፥ ብዙውም ሰው እውነት መሰለው። ያ ሥዕል የሚያስቅ ብቻ ስለ ነበረ ጕዳት አላመጣም። አንድ ጳጳስ ያላስተማሩትን ሲያስተምሩ፥ አንድ አስተዳዳሪ ያላዘዘውን ሲያዝ፥ በገዛ ድምፃቸውና በገዛ ፊታቸው በየሰዉ ስልክ ላይ ቢታዩስ? ሕዝባችን ደግሞ ከጽሑፍ ይልቅ ያየውንና የሰማውን የሚያምን ነው።

እንግዲህ የእኛ ሕግ ምን ይላል? ብዙ ሰው ሕግ የለንም ይላል፤ በርግጥ ግን መሠረቱ አለን። በእኛ በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ሥዕል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፥ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ከልክሏል። ከዚያም አልፎ ለሞተው ሰው ክብሩን የሚነካ ነገር በሥዕሉ ቢደረግ የቅርብ ዘመዶቹ እንዲከራከሩለት ፈቅዷል። አሜሪካኖች በ2023 በአድማ ያገኙት፥ ከፊሉ በእኛ ሕግ ውስጥ ከስድሳ ዓመት በላይ ተጽፎ ኖሯል።

ነገር ግን ሕጉ የተጻፈው ፎቶግራፍ ለእውነት ምስክር በነበረበት ዘመን ስለ ሆነ ሦስት ጕድለት ታይቶበታል። አንደኛ፥ የሚናገረው ስለ መልክ እንጂ ስለ ድምፅ አይደለም። ሁለተኛ፥ በአንቀጽ 28 የታወቀ ሰውና የመንግሥት ሥራ የያዘ ሰው ሥዕል ያለ ፈቃዱ ሊታይ ይችላል ይላል። ይህ ለእውነተኛው ፎቶግራፍ ተገቢ ነው፤ ሹም በአደባባይ የሠራውን ሕዝቡ ማየት አለበትና። ነገር ግን ያልሠራውን ሲሠራ የሚያሳየው ሐሰተኛ ሥዕል በዚሁ አንቀጽ ጥላ ሥር ልግባ ቢል፥ ለነጻነት የተሰጠው ፈቃድ ለሐሰት መሸሸጊያ ይሆናል። በእኛ በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚከለክለው ዐዋጅ ቁጥር 1185 ለዚህ አይበቃም ወይ የሚል ቢኖር፥ ያ ዐዋጅ የሚመለከተው ሁከት ወይም ግጭት የማምጣቱ ነገር ከፍ ያለውን ሐሰት ነው፤ የአንዲትን ሴት ፊት በማይገባ ሥዕል ላይ ለጥፎ ቤቷን የሚያፈርሰውን አይደርስበትም። ሦስተኛውም፥ ሠሪው ማን እንደ ሆነ እንዲገለጽ የሚያስገድድ ነገር የለበትም።

ስለዚህ እንደ እኛ አሳብ አዲስና ሰፊ ሕግ እስኪረቀቅ መጠበቅ አያስፈልግም። በአንቀጽ 27 ላይ ድምፅ የሚለው ቃል ቢጨመር፤ በአንቀጽ 28 የተሰጠው ፈቃድ በመኪና ለተፈጠረ መልክ እንደማያገለግል ቢጻፍ፤ ለሕዝብ የሚታይ ሲኒማም ሆነ ማስታወቂያ በመኪና የተሠራ የሰው መልክ ሲኖርበት ይኸው ከአሠሪው ስም ጋራ እንዲገለጽ ቢታዘዝ፥ አብዛኛው ነገር ይስተካከላል። በመኪና የተሠራ መሆኑ በግልጽ የታወቀ ፌዝና ተረት ግን ሊከለከል አይገባም፤ አለዚያ ሹማምንት ሕጉን ነቀፌታን ለማፈኛ ያደርጉታል የሚል ሥጋት ይነሣል፥ ሥጋቱም ከንቱ አይደለም። በመኪና የተሠራ የቅዱሳን ሥዕል በቤተ ክርስቲያን ይሰቀል ወይስ አይሰቀል የሚለው ጥያቄ የቅዱስ ሲኖዶስ ስለ ሆነ እኛ አንገባበትም፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው ሥዕል በማን እጅ እንደ ተሠራ ገዢው ካህን መጠየቅ መብቱ መሆኑን ብቻ እንናገራለን።

አንድ ነገር ግን ያልተፈታ ይቀራል። የሕጉ አንቀጽ የሞተውን ሰው ክብር ለቅርብ ዘመዶቹ አደራ ብሏል። ከሞተ ብዙ መቶ ዓመት ያለፈው ንጉሥ ወይም ጻድቅ፥ የሚከራከርለት የቅርብ ዘመድ በሌለበት፥ በመኪና ተነሥቶ ያልተናገረውን ቢናገር በፍርድ ቤት ቆሞ አቤት የሚልለት ማን ነው? ለጻድቃን ቤተ ክርስቲያን፥ ለነገሥታት ቅርስ ጠባቂው መሥሪያ ቤት ይሁን የሚል አሳብ ቢቀርብ፥ ታሪክን በሌላ ዐይን ሊተርክ የሚወድ የሲኒማ ሠሪ መንገዱ እንዳይዘጋበት መጠንቀቅ ያሻል፤ የሕግ ዐዋቂዎቻችን ድንበሩን በየት በኩል እንደሚያኖሩት አሳባቸውን ቢጽፉልን ይህ ዓምድ ለእነርሱም ክፍት ነው።