የሞኔ ኩሬና የአያቶቻችን ዓይን

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ በዢቨርኒ መንደር ከቤቱ አጠገብ ኩሬ አስቆፍሮ፣ ድልድይ አሠርቶና የውሃ አበባ ተክሎ፣ ያንኑ ኩሬ ለብዙ ዓመታት ደጋግሞ ሥሎታል። እ.ኤ.አ. በ1899 የሣለው ድልድይ በአረንጓዴ የተከበበ ነው፤ ከ1918 በኋላ የሣለው ያው ድልድይ ግን በቀይና በቡናማ ቀለም ተውጧል። ብዙ የዓይን ሐኪሞች ለውጡን በ1912 ከታወቀበት የዓይን ሞራ ጋር ያያይዙታል።

የዓይን ሌንስ ሲደፈርስና ወደ ቢጫነት ሲያደላ፣ አጭር የሞገድ ርዝመት ያለውን ሰማያዊ ብርሃን ያስቀራል፤ ቀዩን ግን ያሳልፋል። ሞኔ በ1923 የቀኝ ዓይኑ ሞራ ከተገፈፈለት በኋላ፣ በተቃራኒው ሰማያዊው በዝቶ ታይቶታል።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በአገራችን ለዓይነ ስውርነት ቀዳሚው መንስኤ ይኸው ሞራ ነው። ከመካነ ኢየሱስ የመጣ ተማሪ ስለ ሌንስ ለፈተና ያጠናል፤ ለክረምት ቤቱ ሲመለስ ግን አያቱ በዳበሳ ሲሄዱ አይቶ «እርጅና ነው» ብሎ ያልፋል። በእኛ እምነት ይህ የትምህርታችን ጉድለት ነው፤ ተወቃሾቹም በቅድሚያ እኛ መምህራን ነን።

ሞራ በአጭር ቀዶ ሕክምና ይወገዳል፤ ሰው ሠራሽ ሌንስም ይተካል። ስለሆነም ውድ ተማሪዎች፣ ለዕረፍት አገር ቤት ስትገቡ የአያቶቻችሁን ዓይን ልብ ብላችሁ ተመልከቱ። ብሌኑ ነጣ ብሎ ካገኛችሁት፣ ወይም ማየት ከተሳናቸው፣ ወደ ሐኪም አድርሷቸው። የተማራችሁት የብርሃን ሕግ ከዚህ የተሻለ ፈተና የለውም።